እንሰት በአምስት ደቂቃ አይደርስም

ከሰማይ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርድ በረዶ ከሦስታችን አንዳችንም አይተን አናውቅም። እንደዚያም ሆኖ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ሱቅ በላይ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ስምንት ወር ሙሉ በረዶ ስንሠራ ከረምን። ነጭ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ የሚጨስ ትልቅ ምድጃ፣ ዙሪያውን የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ከመቃብር ተነሥተው የሚመጡ ዞምቢዎች። ተጫዋቹ እንጨት ይቆርጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ስንዴ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ አጥሩን ያጠነክራል። እንዲህ ዓይነት የሰፈራና የመትረፍ ጌም የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ። ያልተጫወታችሁ ደግሞ አንዱን ካያችሁ ብዙዎቹን እንዳያችሁ ቁጠሩት። የምነግራችሁ የሦስት ቀን ታሪክም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ያኔ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አባቴ ለመምህርነት ተመድቦ ከጎጃም መጥቶ ሐዋሳ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት መናኸሪያ አካባቢ ነው። ዓይን አፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቡድን ሥራ ሲሰጠን ጽሑፉን የምሠራው እኔ፣ ክፍል ፊት ቆሞ የሚያቀርበው ሌላ ሰው ነበር። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጽፌ አጠገቤ ለተቀመጠው አሳያለሁ፤ እሱ ይመልሳል፣ እሱ ይመሰገናል። ሥራ ከገባሁም በኋላ አልተሻለኝም። ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ለሚቀመጠው ለምህረቱ የምፈልገውን በስልክ መልእክት እጽፍለታለሁ። እሱ ያነብና "ቤዛ እንዲህ ትላለች" ብሎ ለናትናኤል ያሰማልኛል። ናትናኤል ራሱ እዚያው ፊት ለፊቴ ነው የተቀመጠው። የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ።

ናትናኤል በትምህርት በሁለት ዓመት ይቀድመን ነበር። ድርጅቱን ያቋቋመው፣ ፈቃዱን ያወጣው፣ ክፍሏን ያከራየን ሰው ሲጨቀጭቅ ወርዶ የሚያግባባው እሱ ነው። ምህረቱ ኮዱን ይጽፋል። እኔ ሥዕሉን እሠራለሁ፤ ቤቱ ስንት እንጨት ይፈጃል፣ ስንዴው በስንት ደቂቃ ይደርሳል የሚለውንም ሕግ የማወጣው እኔ ነኝ። "የማወጣው" ማለት ግን ትክክል አይደለም። ጠረጴዛው መሀል ላይ ሁልጊዜ ቻርጅ የተሰካ አንድ ስልክ ቆሞ ነበር። ስልኩ ላይ ዓለም የሚጫወተው አንድ የውጭ ጌም ተከፍቶ ይውላል። ናትናኤል "ማስመሪያው" ይለዋል። በማስመሪያው ላይ ስንዴ በሁለት ደቂቃ ከደረሰ የእኛም በሁለት ደቂቃ ይደርሳል። በማስመሪያው ላይ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የጥበቃ ማማ ካለ እኛም ጋ አለ። የእኔ ሥራ ማስመሪያውን እያዩ መገልበጥ ነበር።

ናትናኤልን ሞኝ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ትልልቆቹ ድርጅቶችም አንዱ ካንዱ እየቀዱ እንደሚሠሩ፣ ሰው የለመደውን ሲያገኝ ቶሎ እንደሚገባው፣ እኛ ሦስት ሰዎች ከምንም ተነሥተን አዲስ ነገር እንፍጠር ብንል ሳንጨርስ እንደምንራብ ይነግረን ነበር። "መጀመሪያ እንምሰል፣ ከዚያ እንለያለን" ይላል። ያ "ከዚያ" መቼ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ለምህረቱ በመልእክት እንኳን አልጻፍኩለትም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ናትናኤል ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የሞባይል ጌሞችን እየመረጠ ለአንድ ዓመት የሚደግፍና ለገበያ የሚያቀርብ የአዲስ አበባ ድርጅት ሰው ሊልክልን ነው። አርብ ጠዋት። ከሐዋሳ የሚያዩት የእኛን ብቻ ነው። ናትናኤል ይህን ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለዚያች ቀን ሲል ከቤተሰቡ ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣላ እናውቃለን።

እኔ ደግሞ አንድ ምስጢር ነበረኝ። ለአምስት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ቤት ውስጥ የራሴን ጌም ስሠራ ቆይቻለሁ። በረዶ የለውም። የሲዳማ ገጠር ውስጥ ያለ አንድ ግቢ ነው፤ ቤት፣ ከብቶች፣ ከቤቱ ጀርባ የእንሰት ማሳ። ጠላቱ ዞምቢ ሳይሆን እየቆፈረ አሚቾውን፣ የእንሰቱን ሥር፣ የሚበላ ጃርት ነው። የሚያውቀው ምህረቱ ብቻ ነበር። ያን ጠዋት "ሁለተኛም ጌም ብናሳያቸውስ" ብዬ ጻፍኩለት። ምህረቱ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበው። ናትናኤል ወደ እኔ ዞረና ሁለተኛው የታለ አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ሳይስቅ፣ ሳይቸኩል፣ በደንብ ተጫወተ። ከዚያ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

"ቆንጆ ነው" አለ። "ግን ቤዛ፣ ይሄ እኮ የእኛው ጌም ነው።"

ስልኬን ወደ ራሴ ሳብኩት።

"ስንዴውን እንሰት አልሽው። ዞምቢውን ጃርት አልሽው። አጥሩ ያው አጥር፣ ሁለት ደቂቃው ያው ሁለት ደቂቃ። እኔ በግልጽ እቀዳለሁ፤ አንቺ ልብስ ቀይረሽለት የራሴ ነው ትያለሽ። ልዩነታችን ይሄ ብቻ ነው።"

ተንኮል ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እውነት ነበር። አምስት ወር ሙሉ ከማስመሪያው የሸሸሁ መስሎኝ ማስመሪያውን ቤቴ ይዤው ገብቼ ነበር። እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እግዜር ሲረዳኝ መብራት ጠፋ። የጎረቤት ጀነሬተር ሲነሣ ናትናኤል የበረዶውን ጭስና የዞምቢዎቹን እርምጃ እስከ ሐሙስ ማታ አስተካክዬ እንድሰጠው ነግሮኝ መብራት ፍለጋ ወጣ።

ምህረቱ እነሱ ሰፈር መብራት እንዳለ እናቱን ደውሎ ጠየቀና ላፕቶፖቻችንን ይዘን በባጃጅ ወደ ታቦር ወጣን። መንገዱን ሙሉ አልተናገርኩም። እሱም አላስቸገረኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ደግሞ ጥሩ ነው ብሏል እኮ፣ መጀመሪያ ላይ" አለኝ።

የምህረቱ እናት እትዬ ማርታ በጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከልጃቸው ጋር በሲዳምኛ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ቃል እየቆጠቡ። ምሳ አቅርበውልን ሲያበቁ ፊቴ ለምን እንደጠቆረ ምህረቱን ጠየቁት። እሱም የሠራሁትን ጌም ስለሰደቡብኝ ነው ብሎ ስልኬን ሰጣቸው። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት መንካት ጀመሩ።

"ይሄ ወሴ ነው?" አሉ። እንሰትን በሲዳምኛ ወሴ ይሉታል።

"አዎ እትዬ።"

"ማን ተከለው?"

"የሚጫወተው ሰው ነው የሚተክለው።"

"ሁሉንም በአንድ ቀን?"

"አዎ።"

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛብቶ ሲያደርግ የሚሳቅ ዓይነት ነው።

"ይሄ ቤት ይራባል" አሉኝ። "ሁሉንም በአንድ ቀን ከተከልሽ ሁሉም በአንዱ ዓመት አብሮ ይደርሳል። እሺ፣ እሱን በላሽ። በሚመጣው ዓመትስ ምን ትበያለሽ?"

በእኔ ጌም ውስጥ የሚመጣ ዓመት የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር። እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ያን ጓሮ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሐዋሳ ተወልጄ እንሰት ብርቄ አይደለም። ግን አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነበር የማየው። እትዬ ማርታ እየጠቆሙ ሲያሳዩኝ ቅጠሉ ሰልፍ ሆነልኝ። እግራችን ሥር ከአንድ የተቀበረ አሚቾ ዙሪያ የፈላ ችግኝ ነበር። ሳይደርስ የተነቀለ እንሰት ነው አሉኝ፤ ልቡን ቆርጠው አውጥተው ፍግ ሞልተው ቀበሩት፤ አንዱን ሳይበሉ ሰጥተው ብዙ አገኙ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ የተዛወሩ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ የተዛወሩ፣ ከዚያ ደግሞ ጣሪያውን የሚያክሉት።

"ያቺ የምህረቱ አባት የሞቱ ጊዜ የተከልኳት ናት። ዘንድሮ ትቆረጣለች። እነዚያ ምህረቱ የተመረቀ ጊዜ። እነዚህ ትንንሾቹን የሚበላ ሰው" አሉና ወደ ምህረቱ እያዩ ፈገግ አሉ፣ "ገና አልተወለደም። ይሄ ልጅ ካላገባ የሚወለድም አይመስለኝም።"

ምህረቱ ወደ ቤት ገባ።

ክፉ ዓመት ቢመጣስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፉ ዓመት ሲመጣ ሰው ዓይኑ ትንንሾቹ ላይ ያርፋል አሉኝ፤ ያልደረሰውን የቆረጠ ቤት ዘንድሮ ይተርፍና ከሦስት ዓመት በኋላ ይወድቃል። በልጅነታቸው እንደዚያ ሆኖ የፈረሰ ግቢ ያውቁ ነበር።

ከማሳው አንድ ጎን ባዶ ነበር፤ አፈሩ ብቻ። ጃርት ነው ወይ አልኳቸው። እኔ እንግዲህ ለጃርት ብዬ አጥር ላይ አጥር የደረብኩ ሰው ነኝ።

"ጃርት አይደለም። ቢላ ነው።"

የጎረቤታቸው ቢላ ነበር። እንሰት ለቆጮ መፋቅ የአንድ ሴት ሥራ አይደለም፤ ሴቶች ተጠራርተው፣ እየተጋገዙ ነው የሚሠሩት። ጎረቤታቸው ልታግዛቸው ስትመጣ ያመጣችው ቢላ ከዚያ በፊት የታመመ እንሰት ቆርጦ ነበር። በዓይን አይታይም። በዚያው ቢላ የጓሮውን ቅጠል መለመለች፣ አመስግነው ሸኟት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ታጠፈ፣ በሽታው ካንዱ ወደ አንዱ ሄደ፣ ያን ጎን ሙሉ ነቅለው ጣሉት።

"ተጣላችሁ?" አልኩ።

"ለምን እጣላታለሁ? ልታግዘኝ ነው የመጣችው። ቢላውን እሳት ላይ ማሳለፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቸኮልኩ።"

"አሁንስ ትመጣለች?"

"እሷ ካልመጣች ማን ይፍቅልኛል? ትመጣለች። መጀመሪያ ቢላውን እሳት ታሳየዋለች፣ ከዚያ እንሳሳማለን።"

እዚያው አፈሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እዚህች ጓሮ ውስጥ ያለው ሕግ ሁሉ ከማስመሪያው ሕግ ጋር የተጣላ ነበር። በማስመሪያው ጠላት ከውጭ ይመጣል፣ መልኩ ያስታውቃል፣ አጥር ይመልሰዋል። እዚህ ጥፋቱ የሚመጣው በበር ነው፣ ሊያግዝሽ ከሚመጣ ሰው እጅ ጋር፣ ያንን ሰው ደግሞ ማባረር አትችይም። በማስመሪያው ብዙ የዘራ ብዙ ያጭዳል። እዚህ ግን የሚያተርፈው የተለያየ ዕድሜ ነው፤ ግቢሽ ውስጥ የሚቀመጠው እህል አይደለም፣ ዓመት ነው። ናትናኤል ልክ ነበር፦ እኔ የእንሰትን ቅጠል ሥዬ እንሰትን አልሠራሁም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ታቦር ደረስኩ። ከሁሉም በፊት የናትናኤልን ሥራ ጨረስኩ። የምድጃውን ጭስ አስተካከልኩ፣ ዞምቢዎቹ ሲራመዱ እግራቸው በረዶው ላይ እንዳይንሸራተት አደረግሁ፣ ከቀትር በፊት ላክሁለት። ምህረቱ ለምን እንደምለፋበት ጠይቆኝ ነበር። ከናትናኤል ጋር ከተለያየሁ በኋላ ሥራዋን ትታ ነው የሄደችው እንዲባልብኝ ስላልፈለግሁ ነው። በልቤ መለያየቱን ቀድሜ አውቄዋለሁ ማለት ነው።

ከዚያ የራሴን ጌም ከፈትኩና ማጥፋት ጀመርኩ። አጥሩን አጠፋሁ። ሁለት ደቂቃውን አጠፋሁ። ጃርቱን ተውኩት፤ ግን ከጠላትነት አውርጄ የሚያበሳጭ ጎረቤት አደረግሁት። በምትኩ ዓመታትን አስገባሁ፣ ችግኝ ማዛወርን አስገባሁ፣ እርዳታ መጥራትን አስገባሁ፣ ቢላ አስገባሁ። ምህረቱ እኔ የምሰርዘውን እየተከተለ ኮዱን ይጠግናል። እትዬ ማርታ በየመሀሉ እየገቡ ይሞክሩታል፤ "እንዲህ አይደለም" ይላሉ፣ ይወጣሉ።

አሥር ሰዓት ገደማ ናትናኤል ደወለ። አላነሣሁም። "አርብ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ" ብዬ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ ጥቂት ቃል ነው፦ "የምናሳየው አንድ ጌም ነው። ሁለተኛ ካወጣሽ ከእኛ ጋር አይደለሽም።"

ስለዚህ አርብ ጠዋት ደረጃውን ስወጣ የሚያጋጥመኝን አውቅ ነበር። ዝም ካልኩ ሥራዬ አለ፣ ጌሜ ግን የለም። ከተናገርኩ ምናልባት ሁለቱም የሉም።

እንግዳዋ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ትሑት ሴት ነበሩ። የወንበሩ እግር ቢነቃነቅባቸውም ምንም አላሉም። ናትናኤል የበረዶውን ጌም አሳያቸው፤ አነጋገሩ ያምር ነበር። ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቁት በደስታ የሁለት ታዋቂ የውጭ ጌሞችን ስም ጠራላቸው። ስልኩን ተቀብለው መጫወት ጀመሩ። እኔ ጣታቸውን አየሁ። እንጨቱን ቆረጡ፣ ቤቱን ሠሩ፣ ስንዴውን ዘሩ፣ ማማውን አቆሙ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከናትናኤል ጋር እያወሩ ነበር። አንዴ እንኳን ቆም ብለው የት ልንካ አላሉም። ናትናኤል ዞሮ ጠቀሰኝ፤ ማስተማር እንኳን አላስፈለጋቸውም ማለቱ ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ስምንት ወራችንን ሳያዩት ጨረሱት።

ስልኩን አስቀመጡ። "በደንብ የተሠራ ነው" አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው እየሳቡ ሌላ ነገር አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ።

"የለንም" አለ ናትናኤል።

ምህረቱ አየኝ። ስልኬን አነሣሁ፣ ልጽፍለት። ጣቴ ፊደሉ ላይ ደረሰ። እሱ ያነበዋል፣ "ቤዛ እንዲህ ትላለች" ይላል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩትና ተነሣሁ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ።

"አለ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። "የእኔ አለ።"

ናትናኤል ቀና ብሎ አላየኝም። እንግዳዋ ቦርሳቸውን መልሰው መሬት አስቀመጡ።

መጀመሪያ የተሰጣቸውን ችግኝ ሁሉ በአንድ ቀን ተከሉ። ተራቡ። ሁለተኛ ጊዜ ከፋፍለው ተከሉ፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ ትንንሾቹን ቆረጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱ ባዶ ሆነ። አሁን ማውራት ትተዋል። ሦስተኛ ጊዜ በጥንቃቄ ሄዱ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ሥራው ተሳካላቸው፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ አንድ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ምን አጠፋሁ?"

"ቢላው ነው" አልኩ። "እሳት ላይ ያሳልፉታል።"

"አልነገረኝም እኮ።"

"እርስዎም አልጠየቁትም። ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጊት አሉ። ቢያናግሯቸው ይነግሩዎት ነበር።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ሳስበው እደነግጣለሁ።

ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። በዚያ ወር ብቻ የበረዶና የዞምቢ ጌም ይዞ የመጣባቸው ሰው ብዙ መሆኑን፣ ይህን የመሰለ ግን አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ቀጥለው ግን ምን መለወጥ እንዳለበት ዘረዘሩ። ሰው ስልክ ላይ ትዕግሥት የለውም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አንድ ጊዜ ማጨድ አለበት። አጥር ይኑረው፤ ሰው አጥር ሲሠራ ደስ ይለዋል። ቢላው ይቅር ወይም ቀይ ምልክት ይብራበት። ይህ ከተስተካከለ ለአንድ ዓመት ሊደግፉን ፈቃደኛ ነበሩ።

"እስከ ሰኞ ይደርሳል" አለ ናትናኤል። ዓይኑ በርቶ ነበር። ከአፍታ በፊት የካደውን ጌም አሁን "የእኛ" ብሎ ጠራው። አልፈርድበትም፤ ለእሱ በሩ ከተዘጋ በኋላ እንደገና መከፈቱ ነው።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እሺ ማለት ቀላል ነበር። እሺ ማለት የኖርኩበት ነው።

"አይሆንም" አልኩ።

እንግዳዋ የሰሙ አልመሰላቸውም።

"እንሰት በአምስት ደቂቃ አይደርስም" አልኳቸው። "በአምስት ደቂቃ ከደረሰ ስንዴ ነው። አጥር ካደረግሁለት ጎረቤቷ የት ትገባለች? እርስዎ የጠየቁኝን ካደረግሁ ናትናኤል አሁን ያሳየዎትን በረዶ ነው የምሰጥዎት፤ ቅጠሉ ብቻ አረንጓዴ ይሆናል። ያንን ሠርቼው አይቻለሁ። ሰው ነግሮኛል፣ ልክ ነበር።" ናትናኤልን አየሁት። እሱ ጠረጴዛውን ያያል።

"ሰው አይጫወተውም" አሉኝ፣ በለሆሳስ፣ ለእኔ አዝነው።

"ምናልባት። እርስዎ ግን ሦስት ጊዜ ተጫውተዋል።"

ፈገግ አሉ፣ ተነሡ፣ ሦስታችንንም ጨበጡን። በዚህ ዓይነት ሊደግፉን እንደማይችሉ ገብቶኝ ነበር፤ እንድጠላቸው ግን አልፈቀዱልኝም። ናትናኤል እስከ መኪናቸው ሸኛቸው። ሲመለስ በሩን ቀስ ብሎ ነበር የዘጋው።

"ስምንት ወር አፍሽን ዘግተሽ ለዛሬ አቆየሽው?" አለኝ።

"ያኔም መናገር ነበረብኝ" አልኩት። "ይቅርታ የምጠይቅህ ስለዝምታዬ ነው። ስለዛሬው አይደለም።"

ላፕቶፔን ይዤ ወረድኩ። ምህረቱ አብሮኝ አልወረደም፤ የጫማ ሱቁ በር ላይ ትንሽ ጠብቄው ነበር። የእናቱ ኑሮ በእሱ ደመወዝ ላይ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ግን ደውሎ የቢላው ኮድ ውስጥ ስህተት እንዳለ ነገረኝና ሊያስተካክለው መጣ። እስካሁን አለ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሳችሁ የምትውሉ፣ መቅዳት ኃጢአት ነው እያልኳችሁ አይደለም። ኮድ መጻፍ የተማርኩት የሰው ኮድ እየገለበጥኩ ነው። ሥዕልም እንደዚያው። የምላችሁ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የራሳችንን ነገር ሠራን ስንል ቀለሙን ነው የምንቀይረው፤ ጎጆ እንስላለን፣ ጥለት እንደርባለን፣ ከሥሩ ያለውን ሕግ ግን ሳንነካ እንተወዋለን። ምን ያበለጽጋል፣ ምን ያጠፋል፣ ጠላት ማን ነው፣ ጎረቤት ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ሌላ ሰው አስቦ ሰጥቶናል። እኔ ያ ሕግ እንደ አየር የማይቀየር ይመስለኝ ነበር። የተቀየረብኝ አንዲት ጡረተኛ ሴት በአንድ ጣት ስትነካው "ይሄ ቤት ይራባል" ስላለች ነው።

ደግሞም አታሸንፉ ይሆናል። እኔ አላሸነፍኩም። ጌሙን ከአንድ ዓመት በኋላ በነፃ ለቀቅነው። ኑሮዬን የምገፋው ለሱቆች ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው። ናትናኤል የበረዶውን ጌም ለገበያ አቅርቦታል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ የማንኛችንንም ጌም ሰው በብዛት እንደማይጫወተው ሁለታችንም እናውቃለን። ልዩነቱን ግን ልንገራችሁ። በበረዶው ላይ ማንም ሰው ተከራክሮን አያውቅም። ማን በዞምቢ ይከራከራል? የእኔን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ግን ይቆጡኛል። ከወልቂጤ አንዲት ሴት ችግኙ የሚዛወርበት ጊዜ ስህተት ነው፣ እኛ ዘንድ ከዚያ በላይ እናዛውረዋለን ብላ ረጅም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ከዲላ አንድ ሰው እንሰት ያለ ቡና ምን ዓይነት ግቢ ነው አለኝ። ከጎንደር አንዷ ለምን ጤፍ የለውም ብላ ተቀየመችኝ፤ ጤፍ ራሱን የቻለ ሌላ ዓይነት ፍርሃት አለው፣ ዝናቡ በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አንቺ አታውቂም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላውቅም።

ለሁሉም መልሻለሁ። ድሮ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ፣ የእያንዳንዱን ቃል ተቀብዬ፣ ጌሜን የሁሉም አድርጌ የማንም ሳላደርገው አልቀርም ነበር። አሁን የምጽፈው አጭር ነው። ልክ ነሽ፣ ልክ ነህ፤ እኔ ግን አልቀይረውም። ይሄ ታቦር ያለች የአንዲት ሴት ጓሮ ነው። ያንቺን አንቺ ሥሪው።

ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። ከሠራችሁት ላኩልኝ፤ ተጫውቼው እራባለሁ።